ቁስሉ አለ፤ ደረሰኙ የት አለ?

ታክስ አዘጋጅ ነኝ። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በአንድ ፀጉር ቤትና እንጀራ በሚያከፋፍል ሱቅ መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ቢሮ አለችኝ። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ሰው ወንበር አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ በኋላ ዝንብ እሽ እያልኩ ነው የምውለው። ስለዚህ በኦገስት አንድ ሰው በሩን ከፍቶ «የአምናንና የካቻምናን ታክሴን አትምልኝ» ካለኝ ጉዳዩ ከሦስት አያልፍም። ወይ ቤት ሊገዛ ነው፣ ወይ ዘመድ ስፖንሰር ሊያደርግ ነው፣ ወይ ደግሞ የሆነ ነገር ደርሶበታል። ሦስተኛውን ሳይናገር አውቀዋለሁ። እጁ በፋሻ ታስሯል፣ ወይም እንግሊዝኛ የሚያነብለት ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ አብሮት መጥቷል፣ ወይም ጥቁር የለበሰች ሴት ናት።

የእነዚህን ሰዎች የወንጀል ተጎጂ ካሳ ፎርም መሙላት ሙያዬ አይደለም፤ የገቢ ማረጋገጫ ፍለጋ እየመጡ ቀስ በቀስ የተለጠፈብኝ ሥራ ነው። ጠበቃም አጥኚም አይደለሁም። ነገር ግን ሂሳብ የሚሠራ ሰው አንድ የመንግሥት ፕሮግራም ይሠራል ወይስ አይሠራም ሲባል የሚያይበት የራሱ ዓይን አለው። በዚያ ዓይን ያየሁትን ልጻፍ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝራቸውን ቀያይሬዋለሁ።

ለማታውቁት፦ በአሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት፣ ዲሲም ጭምር፣ የወንጀል ተጎጂዎችን የሚክስ ፕሮግራም አለው። ተደብድባችሁ፣ ተወግታችሁ ወይም በጥይት ተመትታችሁ ከሆነ፣ ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን የሕክምና ሂሳብ፣ ከሥራ የቀራችሁበትን ገቢ፣ የሥነ ልቦና ሕክምናውን ይከፍላል። ሰው ከሞተም የቀብሩን ወጪና ጥገኞቹ ያጡትን ድጋፍ፣ እስከ ተወሰነ ጣሪያ። ወንጀለኛው ባይያዝም፣ ተይዞ ባይፈረድበትም ይከፈላል። የመጨረሻዋን ነገር ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። «ሌባው ሳይያዝ መንግሥት ምን አግብቶት ይከፍላል?» ይሉኛል።

አልፈርድባቸውም። እኛ ዘንድ ካሳ የሚወጣው ካጠፋው ወገን ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የገዳይ ዘመድ ያዋጣል፣ የሟች ወገን ይቀበላል፣ ደም ይደርቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 101 ተጎጂው ካሳውን ከወንጀለኛው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ቀጥሎ ያለው 102 ወንጀለኛው እንደማይከፍል ሲታይ ፍርድ ቤቱ ከተወረሰ ዕቃ ሽያጭ ወይም ከመቀጮው ላይ ለተጎጂው እንዲሰጥ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል። ይችላል እንጂ አይገደድም፤ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተከፈተ ቢሮ፣ የሚሞላ ፎርም የለም። ወደ አሜሪካው ዓይነት ፈንድ የሚጠጋው የመኪና አደጋው ነው፤ ገጭቶ ያመለጠ መኪና የጎዳው ሰው ከመድን ፈንድ እንዲካስ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ደንግጓል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው ከፍተኛ ካሳ 40,000 ብር ነበር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር። የሂሳብ ሠራተኛ አመል ሆኖብኝ ይሁን አላውቅም፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ካየሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጡም።

የዚህኛው፣ መንግሥት የሚከፍለው ካሳ፣ ታሪክ አጭር ነው። በ1950ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊቷ ማርጀሪ ፍራይ፣ መንግሥት ዜጋው መሣሪያ ታጥቆ ራሱን እንዳይከላከል ከከለከለ የሚደርስበትንም ጉዳት ሊጋራው ይገባል የሚል ክርክር አነሳች። ኒውዚላንድ በ1963፣ ብሪታኒያ በ1964፣ ካሊፎርኒያ በ1965 ጀመሩ፤ ሜሪላንድ በ1968 ተከተለች። የፌደራሉ መንግሥት በ1984 ፕሬዚዳንት ሬገን በፈረሙት ሕግ ገባበት። ፈንዱ የሚሞላው ከግብር ሳይሆን በፌደራል ወንጀል ጥፋተኛ ከተባሉ ሰዎችና ኩባንያዎች ከሚሰበሰበው ቅጣት ነው። እኔ ዘንድ መጥተው «የመንግሥት ገንዘብ መብላት ነውር ነው» ለሚሉ አዛውንቶች ይህቺን ነገር ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ትንሽ ያለሳልሳቸዋል።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለእኛ አንድ ከተማ ናቸው። ጠዋት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የተነሳ ሰው ቀን ዲሲ ይሠራል፣ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ ይበላል። ለካሳ ግን ሦስት አገር ናቸው፤ የሚቆጠረው የምትኖሩበት ሳይሆን ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ነው። የጠቅላላ ክፍያው ጣሪያ በዲሲ 25,000 ዶላር፣ በቨርጂኒያ 35,000፣ በሜሪላንድ 45,000 ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሆናችሁ ኢስተርን አቬኑን ስትሻገሩ ዲሲ ያልቅና ሜሪላንድ ይጀምራል፤ የእግረኛው መብራት አንዴ በርቶ እስኪጠፋ የምታልፉት መንገድ ነው። በወዲህኛው ዳር ለተወጋና በወዲያኛው ዳር ለተወጋ ሰው የተቀመጠው ጣሪያ የ20,000 ዶላር ልዩነት አለው። ኒውዮርክ ቢሆን ኖሮ ለሕክምናው ጭራሽ ጣሪያ የለም። የሚያስተዳድራቸውም መሥሪያ ቤት ለየቅል ነው፤ ዲሲ ሱፔሪየር ኮርት ይዞታል፣ ቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ሥር አድርጋዋለች፣ ሜሪላንድ የራሱ ቦርድ አለው።

ይህ ልዩነት ያስቆጣል፤ ጋዜጣም ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እኔን አያሳስበኝም፤ ፎርም ከሞላሁላቸው ሰዎች መካከል ጣሪያውን የነካ አላየሁም። ሰው የሚቀረው ወለሉ ላይ ነው።

ጋሼ ልበላቸው። ከስድሳ ያለፉ፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ኡበርና ሊፍት የሚባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች የሚነዱ ሰው ናቸው። አንድ ሌሊት የጫኗቸው ሁለት ወጣቶች መንገጭላቸውንና የእጅ አንጓቸውን ሰብረው መኪናውን ይዘውባቸው ሄዱ። መኪናው ተጋጭቶ ተገኘ። ስለ እሱ ፕሮግራሙ ግድ የለውም፤ ንብረት አይተካም፤ መኪናም፣ ስልክም፣ በኪስ የነበረ ጥሬ ገንዘብም። የሚተካው የሰውነት ጉዳት ያስከተለው ወጪና የቀረ ገቢ ነው። ጋሼ ለአሥር ሳምንት መሪ መጨበጥ አልቻሉም።

እንግዲህ የእኔ ነገር እዚህ ጋ ይገባል። ቁጥሩን ለማስረዳት አቃልዬ ላስቀምጠው። በ2024 የሠሩት ጠቅላላ 60,000 ዶላር ነው፤ የነዱት 50,000 ማይል። የፌደራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ለዚያ ዓመት በማይል 67 ሳንቲም መቀነስ ይፈቅዳል። 33,500 ዶላር ወረደ፤ ታክስ የሚከፈልበት ትርፍ 26,500 ቀረ። ሾፌር የሆነ ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ፍጹም ሕጋዊ ነው፣ ባላደርገው ጋሼ ራሳቸው ሌላ ታክስ አዘጋጅ ይፈልጉ ነበር። ፕሮግራሙ ግን የግል ሥራ የሚሠራ ሰው ገቢውን እንዲያሳይ የሚጠይቀው ይህንኑ ታክስ ነው። 26,500 ለ52 ሳምንት ሲካፈል 510 ዶላር ገደማ ይመጣል። ጋሼ በየሳምንቱ በስልካቸው የሚያዩት 1,150 ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ግማሹን የት ጣልከው?» አሉኝ ወረቀቱን ከመነጽራቸው በላይ እያዩ።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም፤ ማይሉ ነው።»

«ማይሉንማ የነዳሁት እኔ ነኝ!»

ልክ ናቸው፤ ቢሮውም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። መኪና ሲቆም ቤንዚን አይገዛም፣ ጎማ አያልቅም፤ ስለዚህ 1,150 ሙሉውን ጠፋባቸው ማለት አይቻልም። የማይል ተቀናሹ ግን የወጪ ግምት ነው እንጂ ወጪ አይደለም። ውስጡ የመኪናው ማርጀት አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፤ ኢንሹራንሱ ሾፌሩ ታሞ ቢተኛም በየወሩ ይቆረጣል። የመኪናው ብድርም እንደዚያው። እውነተኛው ኪሳራ ከ510 በላይ፣ ከ1,150 በታች የሆነ ቦታ ላይ ነው። ያንን ቦታ ፈልጎ የሚያገኝ ግን ብዙ የለም፤ የቢሮው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው አንድ መስመር፣ የስኬጁል ሲ፣ ማለትም የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ፣ የመጨረሻ መስመር ነው። በዲሲና በአካባቢው ስንት ሐበሻ በዚያ መስመር እንደሚኖር የሚያውቅ ያውቃል።

ጋሼ ቢያንስ ታክስ ነበራቸው። ልጅ ጠባቂዎች አሉ፣ ምግብ ቤት ጓዳ በካሽ የሚሠሩ አሉ፣ ቤት ለቤት የሚያጸዱ አሉ። እነዚህ ሲደበደቡ የቀረባቸው ገቢ በፕሮግራሙ ዓይን ዜሮ ነው። «አሠሪሽ ደብዳቤ ይጻፍልሽ» ስላት አንዷ ሳቀች። አሠሪዋ ደብዳቤ ሊጽፍላት የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም በካሽ አይከፍላትም ነበር።

ሌላው እንቅፋት ተራ ነው። ፕሮግራሙ የመጨረሻው ከፋይ ነው፤ መጀመሪያ የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ሽፋን)፣ የሕመም ፈቃድ፣ ያለ ሁሉ ይከፍላል፤ ከዚያ የተረፈውን እነሱ ያያሉ። በወረቀት ላይ ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። በተግባር ግን ከእያንዳንዱ «ይህን ከፍለናል፣ ይህን አንከፍልም» የሚል ወረቀት መሰብሰብ የታመመው ሰው ሥራ ይሆናል። ሆስፒታሉ ቢሉን ይልካል፣ አምቡላንሱ ለብቻው ይልካል፣ ራጅ ያነበበው ሐኪም ደግሞ ስሙን ሰምታችሁት ከማታውቁት ድርጅት ይልካል። አንድ ቢሮ፣ የትኛው እንደሆነ ልተወው፣ የጋሼን ፋይል አንዲት ወረቀት ጎደለች ብሎ ለወራት አቆየው፤ በዚያ መሀል የሆስፒታሉ ዕዳ ወደ ኮሌክሽን፣ ወደ ዕዳ ሰብሳቢዎች፣ ሄደ። ገንዘቡ በመጨረሻ ተከፈለ፤ የተበላሸውን ክሬዲት ግን የሚያስተካክል መስመር ፎርሙ ላይ የለም።

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ እዚያ ያለውን ስትነግረኝ ሌላ ዓለም መሰለኝ። የብሪታኒያው ፕሮግራም ለሕመሙ ራሱ ዋጋ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ስብራት፣ እያንዳንዱ ጠባሳ በሰንጠረዥ ተቀምጧል፣ ከ1,000 ፓውንድ ጀምሮ ለከባዱ ጉዳት እስከ 250,000 ድረስ፤ ከሌሎች ወጪዎች ጋር ተደምሮ እስከ 500,000 ሊደርስ ይችላል። እዚህ አብዛኛው ስቴት ለሥቃይ ሳንቲም አይሰጥም፤ ቢል ከሌለ ጉዳት የለም። ለሰነፍ አስተዳደር የእንግሊዞቹ ይቀላል፤ መንገጭላ ተሰበረ፣ ሰንጠረዡ ይታያል፣ አለቀ። ግን ሰንጠረዡ በ2012 እንደወጣ የኑሮ ውድነቱን ተከትሎ አልተሻሻለም፤ በየዓመቱ ሳይነካ ይቀንሳል ማለት ነው። የቀረ ገቢንም የሚያሰሉት በሕግ በተወሰነው ትንሹ የሕመም ክፍያ ልክ ነው። ጋሼ እዚያ ቢሆኑ ለመንገጭላቸው ያገኙ ነበር፤ ለአሥር ሳምንቱ ግን ምንም፣ ምክንያቱም እዚያ የገቢ ክፍያ የሚጀምረው ከ28 ሳምንት በኋላ ነው።

ጥቁር ወደ ለበሱት ልመለስ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው።

ባሏ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ተገደለ። ሐበሻ ሐዘን ላይ ያውቅበታል፤ በማግስቱ ቤቱ ሞላ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ቀብር አስፈጻሚው ጋ ሄዶ ተነጋገረ፣ ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት የሚሰበሰብ መዋጮ) ተከፈተ፣ አስከሬኑ በሳምንቱ ከደለስ ኤርፖርት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተላከ። ሁሉንም የከፈለው ዕድሩና የተዋጣው ገንዘብ ነው፤ ደረሰኙም በሰብሳቢው ስም ተቆረጠ። ሴትዮዋ እኔ ዘንድ ስትመጣ ለቀብር የምታሳየው አንድም ወጪ አልነበራትም። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚተካው ከኪስ የወጣውን ወይም ገና ያልተከፈለውን ነው። ዘመድና ጎረቤት ሸክሙን አንስቶላታልና በሕጉ አነጋገር ሸክም የለባትም። ዕድር ባይኖራት ኖሮ መንግሥት ይከፍልላት ነበር፤ ስላላት ጎረቤቶቿ ለመንግሥት ከፈሉለት። ይህንን ለሰብሳቢው ሳስረዳው «ታዲያ ሬሳ ይዘን ፎርም እንጠብቅ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የጥገኛ ድጋፍ የሚባለውም አለ። ሟች የሚረዳቸው ልጆችና ሚስት ከሞቱ በኋላ ያጡትን ገቢ በከፊል ማግኘት ይችላሉ። ሚስትና ልጆች የጋብቻና የልደት ወረቀት አላቸው፣ ደህና። ደሴ ያሉት እናቱስ? በየወሩ 200 ዶላር ይልክላቸው ነበር፤ የሚልከው በሰው እጅ ወይም ስልክ ደውሎ «ለእማማ ስጥልኝ» በሚለው ሃዋላ ነው። የባንክ ወረቀት የለም። የሃዋላው ሰው እንዲመሰክር ስጠይቀው ስልኩን ዘጋብኝ፤ እሱም ልክ ነው። ተዝካሩ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ደግሞ ከየትኛውም ሰንጠረዥ ውጭ ነው፤ እሱን እንኳ መንግሥት ይክፈል አልልም።

እንግዲህ እነዚህ ፕሮግራሞች በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣሉ። ሪፖርቱ ላይ ይህን ያህል ሚሊዮን ተከፈለ፣ ይህን ያህል ማመልከቻ ጸደቀ ይላል። እኔ ሂሳብ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የሌለውን መስመር ነው። ስንት ሰው ተወግቶ ፕሮግራሙ መኖሩን ሳያውቅ ቀረ? ይህ አይጻፍም። ስንት ማመልከቻ ወረቀት አልተሟላም ተብሎ ተዘጋ? በብዙ ቦታ ይህ ውድቅ ተደረገ ተብሎ አይቆጠርም፤ ተዘጋ ይባላል። ያቺ የልጅ ጠባቂ፣ ያቺ የጓዳ ሠራተኛ፣ ደብዳቤ ሳያገኙ ሲቀሩ ፋይላቸው እዚያ ክምር ውስጥ ነው የሚገባው፣ የመጽደቁን መቶኛም ዝቅ አያደርጉትም። ማንም ሳይዋሽ ሪፖርቱ ያምራል።

የአሶሲየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ጋዜጠኞች በ2023 ያወጡት ምርመራ ይህን ከሌላ አቅጣጫ ነካው። የዘር ዝርዝር ለመስጠት ፈቃደኛ ከሆኑት 23 ስቴቶች በ19ኙ የጥቁር ተጎጂዎች ማመልከቻ ከድርሻቸው በላይ ውድቅ ይደረግ ነበር። አንዱ ምክንያት ተጎጂው ለደረሰበት ነገር ራሱ አስተዋጽኦ አድርጓል የሚለው አንቀጽ ነው፤ አንድ ፖሊስ ሌሊት በችኮላ የጻፋት ግምት ከወራት በኋላ የካሳ ውሳኔ ትሆናለች። ጋሼ ፖሊሱ በእንግሊዝኛ ሲጠይቃቸው መንገጭላቸው ተሰብሮ ነበር፤ ምን እንደተጻፈ ያነበቡት እኔ ቢሮ ውስጥ ነው። ደግነቱ ደህና ተጽፏል።

ገንዘብ የለም እንዳይባል ደግሞ የፌደራሉን ሂሳብ ተመልከቱ። በ2021 የተሻሻለው ሕግ የፌደራሉ መንግሥት ለስቴቶች የሚመልሰውን ድርሻ ከ60 ወደ 75 በመቶ አሳድጎታል። አንድ ስቴት ለተጎጂ 100 ዶላር ከከፈለ፣ ዘግይቶም ቢሆን 75 ዶላር ይመለስለታል። የስቴቱም የራሱ 25 ዶላር በአብዛኛው ፍርድ ቤት ከጥፋተኞች ላይ ከሚሰበስበው ክፍያ ነው የሚወጣው። እንግዲህ አንዲት ወረቀት ጎደለች ብሎ ጋሼን ለወራት ማቆየት ለማን ይጠቅማል? ስስት ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። ስስት አይደለም፤ ማጭበርበርን መፍራት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ልማድ።

የሚጎድለው ገንዘብ ሌላ ቦታ ነው። ከዚሁ የፌደራል ፈንድ የሚወጣው በሁለት ቦይ ይፈሳል። አንዱ ለተጎጂው በቀጥታ የሚከፈለው ካሳ ነው፤ በቀመር ስለሚሰላ ቅድሚያ ያገኛል። ሌላው ተጎጂውን ለሚረዱ ድርጅቶች የሚሄደው ነው፤ ለመጠለያዎች፣ ለስልክ መስመሮች፣ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ፎርም ለሚያስሞሉ ሠራተኞች። ኮንግረስ ከፈንዱ በየዓመቱ እንዲወጣ የሚፈቅደው ጣሪያ በ2018 የበጀት ዓመት ከ4.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 1.35 ቢሊዮን ወረደ። ዐቃብያነ ሕግ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ክስ ሳይመሠረት ወይም ሳይገፋ በስምምነት መጨረስ ሲያዘወትሩ፣ የእነዚያ ስምምነቶች ገንዘብ ወደ ፈንዱ ሳይሆን ወደ ጠቅላላው ካዝና ይገባ ነበር፤ የ2021ዱ ማሻሻያ ይህንንም ወደ ፈንዱ መልሶታል፣ የደረቀው እስኪሞላ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቅነሳው ያረፈው ሁለተኛው ቦይ ላይ ነው። ካሳው አለ፤ ካሳው መኖሩን አልጋው አጠገብ ቆማ በአማርኛ የምትነግረው ሠራተኛ ግን ትቀነሳለች። ከዚያ ሰውየው ወደ ታክስ አዘጋጅ ይመጣል።

ስለዚህ ይህን ፕሮግራም ገምግም ብባል፣ ስንት ከፈልክ ብዬ አልጀምርም። ከተጎዳው ሰው አጠገብ ማን ተቀምጦ ነበር ብዬ ነው የምጀምረው። አጠገባቸው ሰው የነበራቸው ደንበኞቼ፣ ሶሻል ወርከር ይሁን፣ የዐቃቤ ሕግ ቢሮ የተጎጂዎች ረዳት ይሁን፣ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ይሁን፣ ሙሉ ባይሆንም ካሳ አግኝተዋል። ያልነበራቸው አላገኙም። ጉዳታቸው ከመጀመሪያዎቹ የቀለለ አልነበረም።

እስከዚያው የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ወንጀሉ በደረሰበት ሰሞን ለፖሊስ አመልክቱ፤ ዲሲ በሰባት ቀን፣ ቨርጂኒያ በ120 ሰዓት ውስጥ ይላሉ፤ በቂ ምክንያት ካለ ያልፉታል፣ ግን ምክንያት ፍለጋ ውስጥ አትግቡ። የሪፖርቱን ቁጥር እዚያው ተቀበሉ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ፤ በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማውን መሥሪያ ቤቶች፣ ፖሊስንም ጭምር፣ ይመለከታል። በሦስቱም ቦታ የመኖሪያ ወረቀት መኖር መስፈርት አይደለም፤ አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰውም ማመልከት ይችላል። የዕድር ሰብሳቢዎች፣ እባካችሁ፣ የቀብሩ ውልና ደረሰኝ በሚስት ወይም በልጅ ስም ይሁን፤ የምትሰጡትን ለቤተሰቡ ስጡና ቤተሰቡ ይክፈል። ሾፌሮች፣ ከኡበሩ የሚላክላችሁን የሳምንት ዝርዝር አትደምስሱት፤ የመኪና ብድርና የኢንሹራንስ ክፍያችሁን ወረቀት ጨምራችሁ ከታክሱ ጋር አያይዙት። ከ510 ከፍ የሚያደርግ ሠራተኛ አጋጥሞኛል፤ የጋሼ ግን አልሆነም።

«ፋይልዎ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ደርሷችሁ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁም ካላችሁ አውጡና እንደገና አንብቡት። ብዙ ጊዜ የተዘጋው በአንዲት ወረቀት ነው፣ የምትባለውም ወረቀት ስሟ እዚያው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተጽፏል፤ እንደገና እንዲታይ የሚጠየቅበት የመጨረሻ ቀንም ከፊርማው በላይ አለ።